በማይክሮስኮፕ ሥር የሚለካ አባትነት

የኮርማን የማስፀነስ ብቃት ከዘር ሕዋሱ ራስ መጠንና ቅርጽ ማንበብ ምን ያህል ይቻላል?

የወተት ላም የሚያረባ ሰው ሁሉ ስለ ሰው ሠራሽ ማዳቀል የሚያውቀው ነገር አለ፤ ኮርማው ራሱ ሳይመጣ ዘሩ በቀጭን የፕላስቲክ ቀሰም ታሽጎ፣ በፈሳሽ ናይትሮጅን ቀዝቅዞ፣ በአዳቃይ ቴክኒሻን እጅ እስከ ላሟ ማህፀን ይደርሳል። የሥራው የፊት ገጽታ ይህ ስለሆነ ለብዙ አንባቢ እንግዳ አይደለም። ከዚህ በስተጀርባ ያለው ጥያቄ ግን፣ ማለትም በቀሰሙ ውስጥ የታሸገው ዘር በእርግጥ ማስፀነስ የሚችል መሆኑ በምን ይታወቃል የሚለው፣ ከቤተ ሙከራ ውጭ ብዙም ሲነሣ አይሰማም። የዘር ሕዋስን ራስ ርዝመትና ስፋት እየለኩ፣ ቅርጹንም እየመዘገቡ የወንድ እንስሳን የመራባት ብቃት መመርመር ለዚህ ጥያቄ መልስ ከሚፈለግባቸው መንገዶች አንዱ ሲሆን፣ በሙያው መጠሪያም ሞርፎሜትሪ ይባላል።

ጉዳዩ ክብደት የሚያገኘው በሰው ሠራሽ ማዳቀል ባሕርይ ምክንያት ነው። ከመንጋ ጋር የሚውል ኮርማ የማስፀነስ ብቃቱ ቢቀንስ ጉዳቱ በአንድ ሰፈር ላሞች ላይ ይወሰናል፤ ባለቤቱም አንድ ወቅት ካለፈ በኋላ ነገሩን ደርሶበት ኮርማውን ይለውጣል። ዘሩ ተቀዝቅዞ የሚከፋፈል ኮርማ ግን በአንድ ጠዋት ከሰጠው የዘር ፈሳሽ ጥቂት መቶ ቀሰሞች ሊሞሉ ስለሚችሉ፣ በእርሱ ላይ ያለ የተሰወረ ጉድለት እርስ በርሳቸው በማይተዋወቁ፣ በተራራቁ ወረዳዎች በሚኖሩ አርቢዎች በረት ውስጥ በአንድ ጊዜ ይበተናል። ከእነዚህ አርቢዎች አንዱም ቢሆን የደረሰበት ጉዳት ከሌላው ጉዳት ጋር አንድ ምንጭ እንዳለው የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ከኮርማው እስከ ስላይዱ

በዘር ማምረቻ ጣቢያ ሥራው የሚጀመረው ማለዳ፣ ሙቀቱ ሳይበረታ ነው። ኮርማው በአፍንጫው ቀለበት ተይዞ ወደ መሰብሰቢያው ሥፍራ ሲገባ ከፊቱ በብረት አጥር መካከል የቆመ ሌላ እንስሳ ይጠብቀዋል፤ ወዲያው ዘሩን እንዲሰጥ አይደረግም፤ ጥቂት እንዲቆይና አንድ ሁለት ጊዜ በከንቱ እንዲወጣ ይደረጋል፤ ይህም በሚገኘው ፈሳሽ ውስጥ ያለው የሕዋስ ብዛት እንዲጨምር የሚያግዝ የታወቀ ዘዴ ነው። በመጨረሻ ሲወጣ ባለሙያው በሞቀ ውኃ ተሞልቶ የላምን ብልት ሙቀትና ግፊት እንዲይዝ የተዘጋጀውን ሰው ሠራሽ ብልት ይዞ ይቀበለዋል፤ ነገሩ በሰከንዶች ውስጥ ያልቃል።

የተሰበሰበው ፈሳሽ ቅዝቃዜ እንዳያገኘው ተጠንቅቆ ወደ ቤተ ሙከራ ይወሰድና ወደ 37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሞቀ ውኃ ውስጥ ይቀመጣል። መጠኑ ይነበባል፤ ቀለሙ ይታያል፤ ደም፣ መግል ወይም ሽንት የተቀላቀለበት እንደሆነ እዚያው ይጣላል። በአነስተኛ ማጉሊያ የታየ ጠብታ ጤነኛ ከሆነ በውስጡ ያሉት ሕዋሳት በአንድነት ሲተራመሱ ይታያል። ብዙዎች የኮርማን ብርታት በዚህ እንቅስቃሴ ብቻ ይመዝናሉ፤ ልምድ ያላቸው የቤተ ሙከራ ባለሙያዎች ግን በብርቱ የሚዋኝ ሕዋስ ሁሉ እንቁላል አስፀንሶ ጤነኛ ፅንስ ያስገኛል ማለት እንዳልሆነ አጥብቀው ይናገራሉ።

ስለዚህ ሌላ ጠብታ ይወሰዳል። ኢዮሲንና ኒግሮሲን ከተባሉ ሁለት ማቅለሚያዎች ጋር ተቀላቅሎ በስላይድ ላይ በስሱ ይዘረጋል፤ ኒግሮሲን ዙሪያውን ሲያጠቁር፣ ኢዮሲን ደግሞ ሽፋናቸው የተቀደደውን፣ ማለትም የሞቱትን፣ ወደ ሐምራዊነት በሚያደላ ቀይ ቀለም ያቀልማል፤ በሕይወት የነበሩት ነጭ ሆነው በጥቁሩ ላይ ይቀራሉ። ስላይዱ ከደረቀ በኋላ በዘይት ሌንስ 1000 ጊዜ ጎልቶ ይታያል። የመደበኛው ምርመራ ሥራ ከዚህ በኋላ ቆጠራ ነው፤ መቶ ወይም ከዚያ በላይ ሕዋሳት አንድ በአንድ ታይተው የስንቶቹ ቅርጽ ደኅና፣ የስንቶቹ የተበላሸ መሆኑ ይመዘገባል። የአሜሪካ የእንስሳት ሥነ ተዋልዶ ሐኪሞች ማኅበር በ1993 ባወጣው መመዘኛ መሠረት አንድ ኮርማ ለመራቢያ ብቁ የሚባለው ቢያንስ 70 በመቶ የሚሆኑት ሕዋሳቱ ደኅና ቅርጽ ሲኖራቸውና ሌሎቹን መስፈርቶችም ሲያሟላ ነው።

ሞርፎሜትሪ የሚጀምረው ይህ ቆጠራ ከሚያበቃበት ነው። ቆጣሪው በዓይኑ አይቶ «ደኅና» ወይም «ብልሹ» ይላል፤ ለኪው ግን ርዝመቱን፣ ስፋቱን፣ የዙሪያውን ልክና የፊቱን ስፋት በአኃዝ ይጽፋል፤ ከእነዚህም እንደ ርዝመት ለስፋት ያሉ ምጣኔዎችን ያወጣል። ሁለት ቆጣሪዎች በአንድ ስላይድ ላይ የተለያየ ፍርድ መስጠታቸው በሙያው ውስጥ የታወቀ ችግር በመሆኑ የአኃዙ ማራኪነት በቀላሉ ይገባል።

በራሱ ውስጥ የታጨቀው

የኮርማ ዘር ሕዋስ ራስ ከፊት ሲታይ እንደ እንቁላል ሞላላ፣ ከጎን ሲታይ ጠፍጣፋ ነው። ርዝመቱ ወደ 9 ማይክሮሜትር፣ ስፋቱ ከ4 እስከ 5 ማይክሮሜትር ይደርሳል፤ ማይክሮሜትር የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ስለሆነ ከመቶ የሚበልጡ ራሶች ጫፍ ለጫፍ ቢደረደሩ ነው አንድ ሚሊሜትር የሚሞሉት። የድንጉላ ፈረስ ከዚህ በጣም ያንሳል፤ የአይጥ ራስ ጫፉ እንደ መንጠቆ የተቆለመመ ነው፤ የአውራ ዶሮ ደግሞ ቀጭንና ረጅም ዘንግ ይመስላል። እያንዳንዱ ዝርያ የራሱ ልክ ስላለው በዝርያዎች መካከል የሚደረግ የመጠን ንጽጽር ስለ ማስፀነስ ብቃት የሚናገረው ነገር የለም፤ ጥያቄው በአንድ ዝርያ ውስጥ በአንዱ ወንድና በሌላው መካከል ያለው ልዩነት ነው።

ራሱ ሁለት ነገሮችን ይይዛል። ከፊት በኩል አክሮሶም የሚባል ስስ ከረጢት አለ፤ በውስጡ ያሉት ኢንዛይሞች ሕዋሱ የእንቁላሉን የውጭ ሽፋን፣ ዞና ፔሉሲዳን፣ ዘልቆ እንዲገባ ያግዙታል። ቀሪው በሙሉ ማለት በሚቻል ደረጃ አስኳሉ ነው፤ አባት ለልጁ የሚሰጠው ዲኤንኤ ያለው እዚህ ነው። በሌሎች የሰውነት ሕዋሳት ውስጥ ዲኤንኤው ሂስቶን በተባሉ ፕሮቲኖች ላይ ተጠቅልሎ ይቀመጣል፤ የወንዴ ዘር ሕዋስ በሚሠራበት ጊዜ ግን አብዛኛው ሂስቶን ይወጣና ፕሮታሚን የተባለ ሌላ ፕሮቲን ይተካዋል፤ ፕሮታሚኖቹም በሰልፈር ትስስር እርስ በርስ ስለሚቆላለፉ ዲኤንኤው እጅግ ይታመቃል። የራሱ ትንሽነትና ልሙጥነት የዚህ መታመቅ ውጤት ነው። መታመቁ ሲጓደል ራሱ ሊሰፋ፣ ሊጣመም፣ ወይም ወጥ ያልሆነ ዙሪያ ሊኖረው ስለሚችል፣ በውጭ የሚለካው ቅርጽ በውስጥ ስላለው የዘር ቁስ አያያዝ ፍንጭ ይሰጣል የሚለው አስተሳሰብ መሠረቱ እዚህ ላይ ነው።

> በውጭ የሚለካው ቅርጽ በውስጥ ስላለው የዘር ቁስ አያያዝ ፍንጭ ይሰጣል።

በዚሁ አጋጣሚ በአርቢዎች ዘንድ አንዳንዴ የሚሰማ ግምት መታረም ይገባዋል፤ ትልቅ ራስ ያለው ሕዋስ ጥጃዋን እንስት፣ ትንሽ ራስ ያለው ደግሞ ወንድ ያደርጋል ይባላል። ኤክስ ክሮሞሶም የያዘው የኮርማ ዘር ሕዋስ ዋይ ከያዘው ይልቅ 4 በመቶ ያህል ብልጫ ያለው ዲኤንኤ መያዙ እውነት ነው፤ ይህ ልዩነት ግን በተራ ማይክሮስኮፕ ራስን በመለካት ሁለቱን ለመለየት አያበቃም። ጾታው የተለየ ዘር የሚዘጋጀው ዲኤንኤውን በሚያበራ ማቅለሚያ ነክሮ ሕዋሳቱን አንድ በአንድ በጨረር ፊት በሚያሳልፍ መሣሪያ ነው።

የመቶ ዓመት ጥያቄ

የወንዴ ዘር ሕዋስ መኖሩ የታወቀው በ1677 ነው፤ በኔዘርላንድ ደልፍት ከተማ ይኖር የነበረው የጨርቅ ነጋዴ አንቶኒ ቫን ሊውንሁክ በገዛ እጁ በሠራቸው ሌንሶች አይቶ ለለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ ጻፈ። ይሁን እንጂ ከማየት ወደ መለካት ለመድረስ ሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት ፈጀ። በ1925 ዊልያምስና ሳቬጅ የተባሉ ሁለት የእንስሳት ሐኪሞች ስለ ኮርማ የዘር ፈሳሽ ጥቃቅን ጉድለቶች ጽሑፍ አወጡ፤ በ1927 ደግሞ ፋውለር ከተባለ ሦስተኛ ባልደረባ ጋር ሆነው የኮርማ ዘር ሕዋስ ራስ ርዝመት ምን ያህል እንደሚለያይ በስታቲስቲክስ አስልተው ይህን ልዩነት ከማስፀነስ ብቃት ጋር ለማገናኘት ሞከሩ። የእነዚህ ሰዎች ትልቁ አስተዋጽኦ አማካዩን ብቻ ሳይሆን መበታተኑን መመልከታቸው ነው፤ የአንድ ኮርማ ሕዋሳት እርስ በርሳቸው ምን ያህል ይመሳሰላሉ ብለው መጠየቃቸው እስከ ዛሬ ድረስ ከጥያቄዎቹ ሁሉ የተሻለው ሆኖ ቆይቷል።

ከዚያ በኋላ ስዊድናዊው ኒልስ ላገርሎፍ በ1934 የብልሹ ሕዋሳትን መብዛት ከቆለጡ ሕመም ጋር አያይዞ አሳየ፤ ዴንማርካዊው ኤሪክ ብሎም ደግሞ ጉድለቶቹን በከባድና በቀላል ከፍሎ የመደባቸው ሰው ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ብሪታንያ ውስጥ በፍሪዥያን ኮርማዎች ላይ የተደረገ ምርመራ የአክሮሶሙ ጫፍ እንደ እብጠት የሚቋጠርበት አንድ ጉድለት በዘር የሚወረስ መሆኑን አመለከተ። ይህ ግኝት ለማዳቀል ሥራ የተለየ ትርጉም አለው፤ ምክንያቱም በውርስ የሚመጣ ጉድለት ያለበት ኮርማ ጉዳቱ የማያስፀንሱ ቀሰሞችን በማሰራጨት ብቻ ሳያበቃ፣ በሚያስፀንስበት ጊዜ ደግሞ ጉድለቱን ለልጆቹ ያስተላልፋል።

ያለፉት ሳምንታት መዝገብ

የዘር ሕዋስን ቅርጽ ከሌሎች ምርመራዎች ሁሉ ለየት የሚያደርገው የሚናገረው ስለ ዛሬ አለመሆኑ ነው። በኮርማ ቆለጥ ውስጥ አንድ ሕዋስ ከመነሻው ተነሥቶ ራስና ጭራ አውጥቶ እስኪለቀቅ ድረስ 61 ቀን ገደማ ይወስዳል፤ ከዚያም ኤፒዲዲሚስ በሚባለው ረጅምና ጥምዝምዝ ቱቦ ውስጥ ሲበስል ተጨማሪ ከአንድ ሳምንት በላይ ይቆያል። ራሱ ቅርጹን የሚይዘው በዚህ ጉዞ የመጨረሻ ክፍል፣ ክቡ ሕዋስ እየሞለለ፣ ዲኤንኤውም እየታመቀ በሚሄድበት ጊዜ ነው። በዚያ ወቅት ኮርማው ቢታመም፣ ትኩሳት ቢይዘው፣ ቢራብ ወይም በብርቱ ቢጨነቅ፣ ጉዳቱ በሕዋሱ ራስ ቅርጽ ላይ ታትሞ ይቀርና ከሳምንታት በኋላ በስላይድ ላይ ይታያል፤ ያን ጊዜ ኮርማው ድኖ፣ ፀጉሩ አብረቅርቆ፣ የምግብ ፍላጎቱም ተመልሶ ሊሆን ይችላል።

ከምክንያቶቹ ሁሉ በሰፊው የተጠናው ሙቀት ነው። ቆለጥ ከሰውነት ውጭ ተንጠልጥሎ መኖሩ በከንቱ አይደለም፤ ዘር በአግባቡ እንዲሠራ የቆለጡ ሙቀት ከሰውነቱ ሙቀት ከ2 እስከ 6 ዲግሪ ዝቅ ማለት አለበት፤ ወደ ቆለጡ የሚወርደው ትኩስ ደም ከቆለጡ በሚመለሰው የቀዘቀዘ ደም እንዲበርድ የሚያደርግ የደም ሥሮች ጥልፍልፍም ለዚሁ ተሰናድቷል። ተመራማሪዎች የኮርማን የቆለጥ ከረጢት ለ48 ሰዓት ሙቀት በሚይዝ መጠቅለያ ሸፍነው ከዚያ በኋላ ዘሩን በየጊዜው እየሰበሰቡ ሲመረምሩ ያገኙት ነገር ቅደም ተከተል ያለው ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚሰበሰበው ዘር አደጋው ሳይደርስ ተሠርቶ ያበቃ ስለሆነ ደኅና ሆኖ ይታያል፤ ከዚያ ራሳቸው ከጭራቸው የተለየ ሕዋሳት ይመጣሉ፤ ቀጥሎ በአስኳላቸው ላይ ጥቃቅን ጎድጓዳ የታየባቸው፣ እንዲሁም ፊታቸው ሰፍቶ ከሥር በኩል የቀጠኑ፣ እንደ ተገለበጠ አቮካዶ ያሉ ራሶች ይበዛሉ፤ ሙቀቱ ካለፈ ከስድስት ሳምንት ገደማ በኋላ ቆለጡ ደኅና ከሆነ ሥዕሉ ወደ ነበረበት ይመለሳል።

> ኮርማው የዳነበት ቀንና ዘሩ የሚድንበት ቀን አንድ አይደሉም።

የእንስሳት ሐኪሞች በዚህ መዝገብ ተመርተው ወደ ኋላ ማስላት ይችላሉ፤ ዛሬ የታየው የራስ ጉድለት ዓይነትና ብዛት ጉዳቱ ከስንት ሳምንት በፊት እንደ ደረሰ ይጠቁማል። ኮርማው የዳነበት ቀንና ዘሩ የሚድንበት ቀን አንድ አለመሆናቸው ደግሞ በዘር ማምረቻ ጣቢያ ውስጥ ተግባራዊ ውጤት አለው፤ ከበሽታ የተነሣ ኮርማ በመልኩ ብቻ ተመዝኖ ወዲያው ወደ ሥራ ቢመለስ ለሳምንታት የሚሰጠው ዘር የታመመ ጊዜው ዘር ነው። ልኬት ከዓይን ፍርድ የሚበልጠው በዚህ ላይ ይመስላል፤ ዓይን በግልጽ የተጣመመውን ራስ ብቻ ሲለይ፣ መዝገብ የያዘ ሰው ግን የኮርማው አማካይ ስፋት ካለፈው ወር ጥቂት ማደጉን ወይም የሕዋሳቱ መበታተን መጨመሩን ብልሹዎቹ ከመብዛታቸው አስቀድሞ ሊያስተውል ይችላል።

መለኪያው ራሱ ሲመዘን

ድሮ ልኬቱ በእጅ ነበር፤ በማይክሮስኮፑ የዓይን ሌንስ ውስጥ በተገጠመ የተጫረ መስታወት ወይም በወረቀት ላይ በተነደፈ ምስል አንድ በአንድ ይለካ ስለነበር አድካሚነቱ ብዙዎችን ከሥራው አርቋቸዋል። ካለፈው ክፍለ ዘመን 80ዎቹ ወዲህ ካሜራና ኮምፒውተር ሥራውን ቀየሩት፤ ምስሉ ይነሣል፣ ፕሮግራሙ የሕዋሱን ራስ ዳር ፈልጎ ያከብባል፣ መቶና ሁለት መቶ ሕዋሳት በጥቂት ደቂቃ ይለካሉ። ኢሜጅ ጄ የተባለው፣ በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ተሠርቶ በነፃ የሚገኘው ፕሮግራም፣ ውድ መሣሪያ መግዛት ለማይችል ቤተ ሙከራም በሩን ከፍቶለታል፤ ጥሩ ማይክሮስኮፕ፣ ካሜራና አንድ ሚሊሜትርን ለመቶ የከፈለ መለኪያ ስላይድ ካለ ሥራው ይቻላል።

ይሁን እንጂ ኮምፒውተሩ ፍጥነት ሲሰጥ እርግጠኝነትን አብሮ አልሰጠም። በተለመደው ብርሃን የሚሠራ ማይክሮስኮፕ ሁለት ነጥቦችን ለይቶ የማሳየት አቅሙ ወደ 0.2 ማይክሮሜትር ገደማ ላይ ያበቃል፤ በጥሩ ኮርማና በደካማ ኮርማ አማካይ የራስ ልክ መካከል የሚታየው ልዩነት ደግሞ ብዙ ጊዜ ከዚህ እምብዛም አይርቅም። ብዙ ሕዋስ በመለካት የአጋጣሚ ስሕተትን ማቅለል ይቻላል፤ በሁሉም ላይ በአንድ አቅጣጫ የሚያዘነብል ስሕተት ግን ሺህ ሕዋስ ቢለካም አይጠፋም። ማቅለሚያው ሲለወጥ ልኩ ይለወጣል፤ አንዳንዱ ሕዋሱን ያሳብጠዋል፣ አንዳንዱ ያኮማትረዋል። የስላይዱ አደራረቅ፣ የብርሃኑ ኃይል፣ ፕሮግራሙ ዳር ብሎ የሚወስነው የጥላ ደረጃ፣ ሁሉም የየራሳቸውን ማይክሮሜትር ክፋይ ይጨምራሉ ወይም ይቀንሳሉ። ማቀዝቀዝም እንዲሁ ነው፤ በብዙ እንስሳት ላይ የተደረጉ ልኬቶች ቀዝቅዞ የሟሟ ሕዋስ ራስ ከትኩሱ እንደሚያንስ ያሳያሉ።

ከዚህ የሚነሣው መደምደሚያ ለብዙዎች ደስ ባይልም መነገር አለበት፤ ከአንድ አገር ቤተ ሙከራ የወጣ የልክ ሰንጠረዥ ወደ ሌላው ተገልብጦ ኮርማ ለመጣል ወይም ለማጽደቅ ሊያገለግል አይችልም። እያንዳንዱ ቤተ ሙከራ በራሱ ማቅለሚያ፣ በራሱ ካሜራና በራሱ ዝርያዎች የራሱን መነሻ ልክ መሥራት ይኖርበታል፤ አንዴ ከሠራ በኋላም አሠራሩን ሳይለውጥ መጠበቅ አለበት።

ጥናቶቹ የተስማሙበትና የተለያዩበት

በ1990ዎቹ አሜሪካ ውስጥ በድንጉላ ፈረሶች ላይ የተደረጉ ጥናቶች የማስፀነስ ብቃታቸው ያነሰ ፈረሶች የዘር ሕዋስ ራስ በአማካይ ከብቁዎቹ ተለቅ ያለ ሆኖ አግኝተውታል። በዊስኮንሲን በኮርማዎች ላይ የተሠራው ሥራ ደግሞ ርዝመትና ስፋትን ትቶ የአስኳሉን ዙሪያ በሙሉ በሞገድ ስሌት ገልጾ፣ በማስፀነስ ብቃታቸው ከፍና ዝቅ ባሉ ኮርማዎች መካከል የቅርጽ ልዩነት መኖሩን አሳይቷል። በስፔን በቀይ አጋዘኖች ላይ በ2005 እና በ2006 የታተሙ ጥናቶች በተፈጥሮ የሚኖሩ ወንዶች የማስፀነስ ብቃት ከዘራቸው የዋና ፍጥነትና ከደኅና ሕዋሳት ድርሻ ጋር እንደሚሄድ፣ ረዘም ያለ ራስ ያላቸውም ፈጥነው እንደሚዋኙ አመልክተዋል። በአንጻሩ በተለያዩ መንጋዎች ላይ የተሠሩ ሌሎች ልኬቶች ከማስፀነስ ምጣኔ ጋር ደካማ ወይም ምንም ግንኙነት ሳያገኙ ቀርተዋል።

የአለመስማማቱ አንዱ ምንጭ ልኬቱ ሳይሆን የሚለካበት ሚዛን ነው፤ የማስፀነስ ብቃት ራሱ በቀላሉ አይለካም። አንድ ኮርማ በመቶ ላሞች ላይ ተሞክሮ ሃምሳዎቹ ቢፀንሱ፣ ዕድል ብቻውን ይህን ውጤት እስከ አሥር ድረስ ከፍ ወይም ዝቅ ሊያደርገው ይችላል፤ በዚያ ላይ የላሞቹ ሁኔታና የአዳቃዩ ችሎታ ይጨመርበታል። በተጨማሪም ጥናት የሚደረግባቸው በማዳቀል ጣቢያ ያሉ ኮርማዎች ደካማዎቹ አስቀድመው የተጣሉባቸው፣ እርስ በርሳቸው የሚቀራረቡ ስለሆኑ ሊገኝ የሚገባው ልዩነት ጠቦ ይጠብቃል። ያልተመረጡት አጋዘኖች ግልጽ ውጤት መስጠታቸው ከዚህ ጋር ሳይያያዝ አይቀርም።

ተመራማሪዎች ከዚህ ችግር ለመውጣት አሁን የሚከተሉት መንገድ የአንድን ወንድ ዘር በአንድ አማካይ ከመጠቅለል ይልቅ በውስጡ ያሉትን ክፍለ ሕዝቦች መለየት ነው፤ በአንድ ፈሳሽ ውስጥ ትንንሽና ሞላላ፣ ትልልቅና ሰፊ፣ መካከለኛ የሆኑ ቡድኖች ተቀላቅለው ስለሚገኙ የቡድኖቹ ድርሻ ከአማካዩ የበለጠ ይናገራል የሚል ነው እሳቤው። የ1927ቱ ጥያቄ በአዲስ ስሌት ተመልሷል ማለት ይቻላል።

ሴቷ የምታጣራውና የማታጣራው

በቨርጂኒያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ ረጅም ዘመን የሠራው ሪቻርድ ሳኬ ለአርቢውም ለአዳቃዩም የሚጠቅም አንድ ልዩነት አስቀምጧል። አንዳንድ ጉድለቶች የሕዋስ ብዛት በመጨመር ይካካሳሉ፤ ክፉኛ የተጣመመ ራስ ያለው ሕዋስ ከላሟ የመራቢያ አካል ወይም ከእንቁላሉ ሽፋን አያልፍምና፣ በቀሰሙ ውስጥ በቂ ደኅና ሕዋስ ካለ ጉዳቱ ይሸፈናል። ሌሎቹ ግን አይካካሱም፤ ቅርጻቸው ጥቂት ብቻ የተዛባ፣ ዋናቸውም ደኅና የሆነ ሕዋሳት እንቁላሉ ድረስ ዘልቀው ያስፀንሳሉ፣ በውስጣቸው ያለው ዲኤንኤ ግን በአግባቡ ያልታሸገ በመሆኑ ፅንሱ ገና ሳይታወቅ ይሞታል። ጥቂት የተዛባ ማለት ደግሞ ዓይን በቀላሉ የሚያልፈው ማለት ስለሆነ፣ የልኬት ትክክለኛ ቦታ እዚህ ላይ ነው።

> እጅግ የሚጎዳው ክፉኛ የተጣመመው ሕዋስ ሳይሆን ጥቂት ብቻ የተዛባው ነው።

በበረት ውስጥ ይህ የሚገለጠው በአንድ መልክ ብቻ ነው፤ ላሟ ተዳቅላ ከሦስት ሳምንት በኋላ ወይም ከዚያ ዘግይታ ኮርማ መልሳ ትፈልጋለች። ባለቤቷ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ያስዳቅላል፤ ላሟ እየደጋገመች ስትመልስ መካን ናት ተብላ ለገበያ ትወጣለች። በሰዎች ዘንድ እንዳለው ልማድ ሁሉ በከብትም ላይ የመካንነት ክስ አስቀድሞ የሚወድቀው በእንስቷ ላይ ነው፤ የኮርማው ጥፋት ግን የራሱ ማስረጃ ካልቀረበበት አይታይም። ቤተ ሙከራው ለላሟ ባለቤት ያለበት ኃላፊነት ይህን ማስረጃ አስቀድሞ ማዘጋጀት ነው።

ከጭላሎ እስከ ቃሊቲ

ሰው ሠራሽ ማዳቀል በአገራችን አካባቢ የተጀመረው በ1938 እ.ኤ.አ. በአስመራ ሲሆን፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተቋርጦ በ1950ዎቹ እንደገና ተሞክሯል። በ1967 እ.ኤ.አ. በስዊድን ድጋፍ በአርሲ የተቋቋመው የጭላሎ የግብርና ልማት ድርጅት፣ በተለምዶ ካዱ የሚባለው፣ አገልግሎቱን ወደ ገበሬው ደጅ አቀረበ። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በቃሊቲ የተቋቋመው ብሔራዊ ማዕከል ከፍሪዥያንና ከጀርሲ ኮርማዎች ጎን እንደ ቦረናና ፎገራ ካሉ አገር በቀል ዝርያዎችም ዘር እየሰበሰበ ሲያቀዘቅዝና ሲያሰራጭ ቆይቷል።

በዚህ ሰንሰለት ውስጥ የኮርማው ዘር አንዱ ተጠርጣሪ ብቻ መሆኑን የመስክ ባለሙያዎች አዘውትረው ያነሣሉ፤ አባባላቸውም ትክክል ነው። አርቢው ላሟ ኮርማ መፈለጓን ዘግይቶ ያስተውላል፤ ጠዋት የታየባት ላም ከሰዓት በኋላ መዳቀል ሲገባት ቴክኒሻኑ በማግሥቱ ይደርሳል፤ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መሆን ያለበት ፈሳሽ ናይትሮጅን በመያዣው ውስጥ ይጎድላል፤ ቀሰሙ በተሳሳተ የውኃ ሙቀት ይሟሟል። እነዚህ ሁሉ ባሉበት አገር ማይክሮሜትር መቁጠር ቅንጦት አይደለም ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ተገቢ ጥያቄ ጠይቋል። መልሱ ግን ሌላ ነው፤ መንገዱ፣ ሰዓቱና ናይትሮጅኑ የሺህ ሰዎችን ጥረት የሚጠይቁ ሲሆኑ፣ የኮርማው ምርመራ በአንድ ግቢ፣ በጥቂት ባለሙያ እጅ የሚያልቅ ነው። በአገር በቀል ዝርያዎች በኩል ደግሞ ጉዳዩ ከዚህም ይብሳል፤ የቦረና ወይም የፎገራ ኮርማ ደኅና የራስ ልክ ስንት እንደሆነ ከሆልስታይን ሰንጠረዥ መውሰድ አይቻልምና፣ በገዛ ኮርማዎቹ ላይ ለክቶ ማስቀመጥ የግድ ነው። ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመንዝ፣ በቦንጋና በሆሮ የበግ አርቢዎች አውራ በግ በጋራ መርጠው በጋራ የሚጠቀሙበት ማኅበረሰብ አቀፍ የማሻሻያ ሥራም ተመሳሳይ ጥያቄ አለበት፤ በዕድገቱ ተመርጦ ለብዙ ቤት መንጋ የተመደበ በግ ዘሩ ቢታወክ የአንድ ዓመት ግልገል ከመንደሩ ይጎድላል።

ሙሉ መሣሪያ የሌለው ጣቢያም ሊጀምርበት የሚችለው አሠራር ቀላል ነው። እያንዳንዱ ኮርማ ገና ጤነኛ ሳለ ከበርካታ ስብስቦች ሕዋሱ ተለክቶ የራሱ መነሻ ልክ ይያዝለታል፤ ከዚያ በኋላ የሚወዳደረው ከጎረቤቱ ጋር ሳይሆን ከራሱ ጋር ይሆናል። አማካዩ ወይም መበታተኑ ከልማዱ ሲወጣ የዚያ ቀን ስብስብ ሳይሰራጭ ይያዛል፤ የቆለጡ ሁኔታ፣ የትኩሳትና የሕክምና መዝገቡ፣ የበረቱ ሙቀት ይፈተሻል። የጉዳቱ ምክንያት ታውቆ ከተወገደም በኋላ ኮርማው ወደ ሥራ ይመለስ ወይም ይወገድ የሚለው ውሳኔ ለአንድ ሙሉ የዘር ዑደትና ለኤፒዲዲሚሱ ጉዞ፣ በድምሩ ለ70 ቀን ገደማ፣ ይቆያል፤ በመሀል የሚወሰዱት ናሙናዎች የማገገሙን አካሄድ ለመከታተል ብቻ ይመዘገባሉ።